ፍርሃቱ ቦታውን ስቷል

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። አንዷ እህቴ ናት። ሌላው የሰበካችንን ወጣቶች የክረምት ጉዞ የሚያስተባብረው ወዳጄ ነው። ሦስተኛዋ ጎረቤቴ ስትሆን ከሥሩ "አየህ አይደል?" የምትል መስመር ጨምራበታለች።

የጽሑፉ ርዕስ "ልጆቻችንን ዘቅዝቀን አንስቀል" ይላል። የሚያወራው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ዊሊያምስበርግ አጠገብ በሚገኘው ቡሽ ጋርደንስ የመዝናኛ ፓርክ ስላለው ሎክ ነስ ሞንስተር ነው። ልጆቻችን "ነሲ" ይሉታል። ቢጫ የብረት ሮለር ኮስተር ነው፤ ሰው የጫነ ባቡር በሐዲድ ሽቅብ እየወጣ ቁልቁል የሚወረወርበት መጫወቻ። ባቡሩ ተዘቅዝቆ ሙሉ ዙር የሚያልፍባቸው ሁለት ቀለበቶች አሉት፤ ቀለበቶቹም እንደ ሰንሰለት አንዱ በሌላው ውስጥ ያልፋሉ። ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሦስት ሰዓት ገደማ ቢያስነዳም፣ የእኛ ሰው ክረምት ሲመጣ ልጆቹን ከሚወስድባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኗል።

የጸሐፊው ክስ ሰባት ነው። ሰው ሲዘቀዘቅ የያዘው ማሰሪያው ብቻ ነው፤ ቀለበቱ ውስጥ ያለው ጫና ልጅ ይገድላል፤ ሞተሩ ቢጠፋ ተዘቅዝቆ መቅረት አለ፤ ባቡሮቹ ቀለበቱ ላይ ይጋጫሉ፤ ብረቱ አርጅቷል፤ ፍጥነቱ የእብደት ነው፤ ገንዘቡም ጊዜውም ብክነት ነው።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ነሲን ስድስት ጊዜ ያህል ተሳፍሬዋለሁ፤ የመጀመሪያዋን ዓይኔን ጨፍኜ ስለጨረስኳት አልቆጥራትም። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ሳነብ ከረምኩ። ጸሐፊው መፍራታቸውን አልነቅፍም። ፍርሃታቸውን ያስቀመጡበት ቦታ ነው ያልተስማማኝ።

ከማሰሪያው እንጀምር። "ማሰሪያው ቢከፈት ልጁ በአናቱ ይወርዳል" ይላሉ። ማሽላ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ይህን አይጽፍም። ወንጭፍ ያውቃላ! ድንጋዩን ከቆዳው ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ታሽከረክረዋለህ። እየዞረ ሳለ ድንጋዩን ያሰረው ነገር የለም። የሚሄድ ነገር ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፤ ወንጭፉ ደግሞ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ ድንጋዩ ቆዳው ላይ ተጭኖ ይቀመጣል። የሚያመልጠው አንዱን ጫፍ ስትለቅለት ነው።

ለከተሜው ደግሞ ባልዲ አለለት። ቦኖ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ግማሽ ድረስ ውሃ የሞላ ባልዲ በክንዳችን ሙሉ ዙር እናዞር ነበር። ባልዲው አናታችን ላይ ተገልብጦ ሲያልፍ ጠብታ አይወርድም። የሚፈሰው ሰው ፈርቶ እጁን ሲያዘገይ ነው። እኔ አንድ ቀን ፈርቼ ዩኒፎርሜን አርሼ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ።

ቀለበቱም ይኸው ነው። ባቡሩ በቂ ፍጥነት ይዞ ሲገባ ሐዲዱ ወደ ቀለበቱ መሐል ይገፋዋል፣ ተሳፋሪው ወንበሩ ላይ ይጫናል። ማስረጃ ካስፈለገ ካሊፎርኒያ፣ ማጂክ ማውንቴን በሚባል ፓርክ ውስጥ ሬቮሉሽን የሚባል ሮለር ኮስተር አለ። የተከፈተው 1976 ነው፤ ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። ቀጥ ብሎ የቆመ ቀለበት ካላቸው ዘመናዊ ሮለር ኮስተሮች የመጀመሪያው እሱ ነው። ያኔ ሰው የሚሳፈረው ጭኑ ላይ በምታርፍ ብረት ብቻ ነበር። ትከሻ የሚያቅፈው ማሰሪያ የተጨመረው 1992 ላይ ነው። 2016 ላይ ደግሞ እሱን አንስተው ወደ ጭን ብረት ተመለሱ። ቀለበቱ ያው ቀለበት ነው።

ማሰሪያ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ባቡሩ ቢንቀራፈፍ ወይም ቢቆም መያዣ ያስፈልጋል። ደግሞም ከወንበርህ ብድግ የሚያደርግህ በአብዛኛው ቀለበቱ ሳይሆን ኮረብታው ነው። ባቡሩ አናቱን አልፎ ቁልቁል ሲወረወር ሰውነትህ ወደ ላይ መሄዱን ሊቀጥል ይፈልጋል። ማሰሪያው ዋና ሥራውን የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ጸሐፊው ግን ስለ ኮረብታ አንዲት ቃል አልጻፉም፤ ምክንያቱም ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚያስፈራው ቀለበቱ ነው።

"ባቡሩ ራሱስ ለምን አይወድቅም?" ብለው ጠይቀው ሳይመልሱ አልፈውታል። መልሱ አጭር ነው። ጎማው ሦስት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከላይ ይንከባለላል፣ አንዱ ከጎን ይደግፋል፣ አንዱ ከሥር ያቅፋል። ሐዲዱ የብረት ቧንቧ ነው፤ ጎማዎቹ ዙሪያውን ጨብጠውታል። በብረት ቧንቧ ሐዲድ ላይ የሚሄድ የመጀመሪያው ሮለር ኮስተር 1959 ላይ ዲዝኒላንድ ውስጥ የተከፈተው ማተርሆርን ነው። የሠራው አሮ የተባለው ኩባንያ ነው። ነሲንም የሠራው እሱ ነው።

ሁለተኛው ክስ ከሁሉም ጠንካራው ነው። ጸሐፊው ቀለበት ውስጥ ሰው የክብደቱን ስድስት እጥፍ እንደሚሸከም በሒሳብ አስልተዋል። ሒሳባቸውን ደግሜ ሠራሁት። ልክ ነው! ሐዲዱ ፍጹም ክብ ከሆነ፣ ባቡሩ አናቱን ለጥቂት እንዲያልፍ ብቻ ከታች ሲገባ በተሳፋሪው ላይ ስድስት እጥፍ ጫና ይፈጥራል። ክቡ ትልቅም ይሁን ትንሽ ለውጥ የለውም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለቅጽበት 420 ኪሎ የሆነ ያህል ይሰማዋል።

ችግሩ አንድ ነው። ነሲ ላይ ክብ የለም።

ክብ ተሞክሮ ያውቃል። 1895 ላይ ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ውስጥ ፍሊፕ ፍላፕ የሚባል ነበር። ቀለበቱ ፍጹም ክብ ነው፤ ስፋቱም ከዳር እስከ ዳር 25 ጫማ ገደማ፣ ማለትም ሰባት ሜትር ተኩል ነበር። ጫናው እስከ 12 እጥፍ ይደርስ እንደነበር ይነገራል። የተሳፈረው አንገቱን እያሻሸ ይወርዳል። ብዙም አልቆየም። 1901 ላይ እዚያው ኮኒ አይላንድ ሉፕ ዘ ሉፕ የሚባል መጣ፤ ይኼኛው ቀለበቱ ሞላላ ስለነበር ለአንገት ይሻላል። ግን በአንድ ጊዜ የሚጭነው አራት ሰው ነው። መሳፈሩን ትቶ ቆሞ ለማየት ብቻ የሚከፍለው ሰው ብዙ ነበር ይባላል። (ጸሐፊው በዚያ ዘመን ቢኖሩ ደንበኛ ይሆኑ ነበር።) ከዚያ በኋላ የቀለበት ነገር ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተረሳ።

እንደገና ያመጡት ጀርመኖቹ ናቸው። ሬቮሉሽንን የሠሩት አንቶን ሽቫርትስኮፕፍ እና መሐንዲሱ ቬርነር ሽቴንግል ክቡን ትተው የእንባ ጠብታ የመሰለ ቅርጽ አመጡ። ከታች ሰፋ ያለ፣ ወደ አናቱ ጠበብ የሚል። ዘዴው ቀላል ነው። ባቡሩ ከታች በጣም ይፈጥናል፤ ስለዚህ እዚያ ለዘብ ያለ መታጠፊያ ይሰጠዋል፣ ጫናው ይቀንሳል። አናት ላይ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ እዚያ ጠበቅ ያለ መታጠፊያ ይሰጠዋል፣ ሰው ወንበሩ ላይ እንደተጫነ ያልፋል። ስሙ ክሎቶይድ ይባላል። እንግዳ ነገር ከመሰለ፣ ከአውራ ጎዳና የሚያስወጣን መታጠፊያም በዚሁ ሐሳብ ነው የሚሠራው። መሪህን ቀስ በቀስ ነው የምታዞረው እንጂ ድንገት አትጠመዝዘውም።

ስለዚህ የጸሐፊው ሒሳብ ትክክል ነው፤ የሠሩት ግን ለተዘጋው ለፍሊፕ ፍላፕ ነው። ከዘገዩም በመቶ ዓመት በላይ ዘግይተዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልስጣቸው። ልብ ሕመም፣ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ የአንገት ወይም የጀርባ ችግር ያለበት ሰው፣ እርጉዝ ሴትም፣ መሳፈር የለባቸውም። በሩ ላይ ተጽፏል። የእኛ ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያ የማንበብ ልማድ የለውም። "ለአንዴ ምን ይላል" እንላለን። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሙሉ በዚህ ላይ ቢጽፉት ኖሮ ፈርሜ አሰራጭላቸው ነበር። ቁመቱም እንደዚያው ነው። ነሲ ላይ ዝቅተኛው 48 ኢንች፣ 122 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ልጁን ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አልብሶ የሚያመጣ አባት አይቻለሁ። ማሰሪያው የተሠራው ለሰውነት መጠን ነው እኮ፤ ጫማው አይረዳም።

ሦስተኛው ክስ የሞተሩ ነው። "ሞተሩ ቀለበቱ መሐል ቢጠፋስ?" ይላሉ። ባቡሩ ላይ ሞተር የለም። ሰንሰለት ኮረብታው ላይ ይጎትተዋል፣ ይለቀዋል፤ ነሲ ላይ ይህ ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የመሬት ስበት ነው። ሲወጣ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ደግሞ ሰንሰለቱ ቢለቅ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጥርስ ነው። ልጄ በዚያ ድምፅ ነበር የምትፈራው። ምን እንደሆነ ከነገርኳት በኋላ ድምፁ እንዳይቆም መጸለይ ጀመረች። መብራት ቢጠፋ ኮረብታው ላይ ያለው እዚያው ይቆማል፤ ቁልቁል የሄደው ቀጣዩ ፍሬን እስኪይዘው ይንከባለላል። ፍጥነት ያነሰው ባቡር ቢኖር እንኳ በአብዛኛው ቀለበቱን ሳይጨርስ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ ዥዋዥዌ ከወዲያ ወዲህ ይልና ከታች ያርፋል።

ጸሐፊው ዊስኮንሲን ስቴት የሆነውን ጠቅሰዋል። እውነት ነው፣ 2023 ላይ ክራንደን በምትባል ከተማ ሰዎች ተዘቅዝቀው ሦስት ሰዓት ገደማ ቆይተዋል። ግን ያ ከከተማ ከተማ በመኪና የሚጓጓዝ የባዛር መጫወቻ ነው። አንድ ክብ ብቻ ነው ያለው፤ ባቡሩን የሚያዞረውም ሞተር ነው። ሞተር ስላለው ነው መሐል ላይ መቆም የቻለው። ለነሲ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ አራተኛው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጸሐፊው ቀለበቶቹ ስለተጠላለፉ ሁለት ባቡሮች በአንድ ጊዜ ሲያልፉ ሊጋጩ ይችላሉ ይላሉ። ዓይን እንደዚያ ያያል። እኔም ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ትከሻዬን እሰበስባለሁ። ሐዲድ ከሐዲድ ጋር ግን አይገናኝም። አንዱ ቀለበት በሌላው ባዶ መሐል ያልፋል፤ የሰው እጅ ቢዘረጋ እንኳ የማይደርስበት ርቀት ተለክቶ ነው የተሠራው። የጋብቻ ቀለበት በሌላ ቀለበት ውስጥ ብታሳልፍ ሁለቱ ጉድጓዶች እንጂ ሁለቱ ወርቆች አንድ ቦታ አይዙም። ሁለት ባቡሮች አብረው ቀለበቶቹ ላይ ሲታዩ ደግሞ እንዲያውም ተመልካች የሚጨበጭብበት ጊዜ ነው።

ባቡሮች ሊጋጩ የሚችሉት በዚያው ሐዲድ ላይ አንዱ ሌላውን ከኋላ ሲደርስበት ነው። ለዚህ መላ አለው። ሐዲዱ በክፍል በክፍል ይከፈላል። አንድ ክፍል ውስጥ ባቡር ካለ ሌላው አይገባም። ከፊት ያለው ካልወጣ ኮምፒውተሩ ከኋላ ያለውን ፍሬን ላይ ይይዘዋል። እውነተኛው የምድር ባቡርም በዚሁ ሥርዓት ነው የሚሄደው። ፍሬኑም የሚሠራው ኃይል ሲያገኝ ሳይሆን ሲያጣ ነው። ለመክፈት አየር ይፈልጋል፤ አየሩ ከጠፋ ራሱ ይዘጋል። የከባድ መኪና ሹፌር የሆኑ ወንድሞቻችን ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ታዲያ አደጋ አይደርስም? ይደርሳል። ጸሐፊው ሳይጠቅሱት የቀሩትን እኔ ልጥቀስላቸው። እንግሊዝ፣ አልተን ታወርስ በሚባል ፓርክ ውስጥ ስማይለር የሚባል 14 ጊዜ የሚዘቀዝቅ ሮለር ኮስተር አለ። ሰኔ 2 ቀን 2015 አንድ ባዶ ባቡር ሐዲዱ መሐል ቆሞ ቀረ። ኮምፒውተሩ ልክ እንደተነገረው ሠራ፤ ከኋላ 16 ሰው የጫነውን ባቡር ያዘው። ባለሙያዎቹ ግን የቆመውን ባቡር አላዩትም። ኮምፒውተሩ የተሳሳተ መሰላቸው። ማቆሚያውን በእጃቸው አልፈው ባቡሩን ለቀቁት። ሁለት ወጣት ሴቶች እግራቸውን አጡ። ድርጅቱ በሚቀጥለው ዓመት 5 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ።

የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ቀለበቱ፣ ቁመቱ፣ ብረቱ አይደለም። "ማሽኑ ነው የተሳሳተው" ብሎ ቁልፉን የሚጫን ሰው ነው። የሚገርመው ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ስለዚህ የሚጠይቅ ወላጅ አላየሁም። ሁላችንም ማሰሪያውን ሦስት ጊዜ ጎትተን አይተን እንሳፈራለን።

ሌላም ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ ያላነሱት አለ። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ቦታ የተተከሉ መጫወቻዎችን የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ መንግሥት አይደለም። 1981 ላይ ኮንግረሱ ከፌዴራሉ የምርት ደህንነት ኮሚሽን ሥልጣን አውጥቷቸዋል። ቁጥጥሩ የየስቴቱ ሆኗል፤ ስቴቶቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ቨርጂኒያ የራሷ ደንብ አላት፤ ያለ ምርመራ የምስክር ወረቀት አያሠራም። ሌላ ስቴት ስትሄዱ ግን ደንቡን መጠየቅ አይከፋም። ይኼ እንደ ዝቅዝቅ ፎቶ አያስደነግጥም፤ ለዚያ ይመስለኛል ያልተጻፈው።

አምስተኛው እርጅና ነው። ነሲ የተከፈተው ሰኔ 2 ቀን 1978 ነው። (ከስማይለሩ አደጋ ጋር አንድ ቀን ነው፤ አጋጣሚ ነው፣ ጸሐፊው ሌላ ጽሑፍ እንዳይወጣቸው።) "የ1978 መኪና ትነዳለህ?" ብለው ይጠይቃሉ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው እንዲህ ሲጠይቅ ያስቃል። ላዳ ታክሲን ማን ነው ያኖረው? ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ሞተሩ እየተቀየረ በመጨረሻ ከፋብሪካ የወጣው ታርጋው ብቻ ይመስል ነበር። ሮለር ኮስተርም በክፍል ነው የሚኖረው። ባቡሮቹ ፓርኩ ሲዘጋ ይፈታሉ፤ አክሱሉ፣ ብየዳው፣ ብሎኑ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ እንዳለው በመሣሪያ ይታያል። ነሲ ደግሞ ከዚያም አልፎ 2024 ላይ ከትልቅ እድሳት ነው የተመለሰው፤ ከ900 ጫማ በላይ ሐዲድ በአዲስ ተተክቷል። ጠቅላላ ርዝመቱ 3,240 ጫማ ነው። ከሩብ በላዩ አዲስ ነው ማለት ነው። ጸሐፊው ያስደገፉት ፎቶ የእድሳቱ ጊዜ ፎቶ ይመስላል፤ ሐዲዱ ተነስቶ ባዶ ምሰሶ ይታያል። "ፈራርሷል" ብለው የጻፉበት እሱን ነው።

የዚያ ዘመን ባቡሮች ጆሮ ያጋጫሉ የሚባለው ግን እውነት ነው። ያኔ ሐዲድ የሚታጠፈው እንደ ዛሬው በኮምፒውተር ተለክቶ አልነበረም። እኔ ሌላ ቦታ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አሮጌ ላይ ተሳፍሬ ሁለት ቀን አንገቴ አልዞር ብሎኛል። ጭንቅላትን ወደ ኋላ አስደግፎ መቀመጥ ነው መድኃኒቱ።

ፍጥነት። "በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር" ብለዋል። 60 ማይል ነው፣ 97 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወደዚያ ስንሄድ አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ ከዚያ በላይ ነው የምንነዳው፣ ፍሬድሪክስበርግ ላይ ትራፊኩ ካላቆመን በቀር። በ200 የሚሄዱ አሉ፤ አቡ ዳቢ ፌራሪ ወርልድ ያለው ፎርሙላ ሮሳ 240 ይደርሳል። ግን እሱ ቀለበት የለውም። ሁለቱን ደባልቀዋቸዋል።

ገንዘብና ጊዜ ላይ አልከራከርም። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ለምታልቅ ነገር ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜ አውቃለሁ። መኪና ማቆሚያው ለብቻ ይከፈላል። ምሳው ውድ ነው፤ ለዚያ ነው የሐበሻ ቤተሰብ እኩለ ቀን ላይ ወደ መኪናው ተመልሶ ከኩለር ውስጥ እንጀራ ፍርፍር የሚያወጣው። ብክነት ነው ካሉ ይሁን። ብክነት እና አደጋ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው።

ደግሞ መሳፈር ግዴታ አይደለም። ነሲን የነደፉት ሮን ቱመር ይባላሉ። ሮለር ኮስተር ከመሥራታቸው በፊት በአፖሎ መንኮራኩር ሙቀት መከላከያ ሥራ ውስጥ የተሳተፉ መሐንዲስ ነበሩ። ሰውየው ጉዞ ያጥወለውላቸው ነበር፤ የሠሯቸውን ራሳቸው እምብዛም አይሳፈሩባቸውም ነበር። በእያንዳንዱ የሐበሻ ጉዞ ላይ መውጫው በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ተቀምጠው የሁላችንን ቦርሳ፣ መነጽርና ስልክ የሚጠብቁ አንዲት እናት አሉ። ጸሐፊው በሐምሌው ጉዞ ቢመጡ እዚያ አግዳሚ ላይ ቦታ አላጣላቸውም። የእኔንም ቁልፍ ይያዙልኝ፤ ባለፈው ዓመት ከኪሴ ወጥቶ ወንዙ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም ነበር።